ኮምፒዩተር ሥራን እንዴት ያባዛል? ስለ ፕሮሰስና ስለ ክር አፈጣጠር

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ወቅት አንድ ማታ በላቦራቶሪ ውስጥ ተቀምጠን ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ ያገኘነውን ትእዛዝ እንፈትን ነበር። ትእዛዙ «ፎርክ» የሚባለው ሲሆን ተግባሩም በመሠራት ላይ ያለውን አንዱን ሥራ ሁለት ማድረግ ነው። እኛም ነገሩን በሚገባ ሳንመረምር ይህን ትእዛዝ ማቆሚያ በሌለው ዙር ውስጥ አስገብተን አስጀመርነው። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት ኮምፒዩተር ለማንም መልስ መስጠቱን አቆመ። በዚያ ሰዓት የሴሚስተር ጽሑፋቸውን ይጽፉ የነበሩ ጓደኞቻችን ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ እንደ ገና እስኪነሣ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ፤ ከእነርሱም ሥራቸውን አስቀድመው ሴቭ ያላደረጉት የማታ ድካማቸውን በሙሉ አጡ። በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅን፤ እነርሱም ይቅር አሉን። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው አንዷ «ለመሆኑ ያደረጋችሁት ነገር ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቀን የሚያጠግብ መልስ ልንሰጣት አልቻልንም።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። በመጀመሪያ ፕሮሰስ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ ትሬድ የሚባለው ነገር ከፕሮሰስ በምን እንደሚለይ ለመግለጽ እንሞክራለን። ትሬድ የሚለው ቃል ትርጓሜው ክር ስለ ሆነ እኛም ክር ብለን እንጠራዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ፕሮሰስ ምንድን ነው?

ፕሮግራምና ፕሮሰስ አንድ ነገር የሚመስሏቸው ሰዎች አያሌ ናቸው። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመዝሙር መጽሐፍና በመዝሙር መካከል ያለውን ያህል ነው። ፕሮግራም በዲስክ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ የትእዛዝ ዝርዝር ነው፤ የመዝሙር መጽሐፍ በሣጥን ተዘግቶበት ሳለ ድምፅ እንደማይሰማ ሁሉ፣ ፕሮግራምም በዲስክ ላይ ሳለ ምንም አይሠራም። ፕሮሰስ የምንለው ዝርዝሩ ወደ ሜሞሪ ገብቶ በመሠራት ላይ ሲሆን ነው። ሁለት መዘምራን አንዱን መጽሐፍ በሁለት አዳራሽ ቢዘምሩት መጽሐፉ አንድ፣ መዝሙሩ ግን ሁለት ነው፤ አንዱ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ሌላው ገና መጀመሪያው ላይ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም አንድ የጽሕፈት ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ቢከፈት ፕሮግራሙ አንድ ሲሆን ፕሮሰሱ ሁለት ነው።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ አንድ መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡም ውስጥ የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር፣ የተመደበለት ሜሞሪ፣ የከፈታቸው ፋይሎች፣ የሚሠራበት ማኅደር፣ እንዲሁም ሥራው የቱ ጋ እንደ ደረሰ ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ነገር እጅግ አስፈላጊ ነው። ለዚሁም ምክንያቱ የፕሮሰሰሩ ቁጥር ጥቂት፣ የፕሮሰሱ ቁጥር ግን ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ በታክሲ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ እንዳለ ሁሉ፣ በኦፕሬቲንግ ሲስተምም ውስጥ ፕሮሰሶችን በየተራቸው ወደ ፕሮሰሰሩ የሚያስገባ ክፍል አለ። አንዱ ፕሮሰስ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከሠራ በኋላ የደረሰበት ቦታ በመዝገቡ ተጽፎ ሌላው ይገባል፤ ተራው ሲመለስለትም ካቆመበት ይቀጥላል። ተራው ፈጣን ስለ ሆነ ለተመልካች ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ይመስላሉ። አንድን ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች እንዲህ የማካፈል ዘዴ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1961 በሥራ ታይቷል።

ፕሮሰስ ከዚህ ሌላ አንድ ትልቅ ባሕርይ አለው፤ ይኸውም አጥር ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ሜሞሪው በሙሉ የእርሱ ብቻ የሆነ ይመስለዋል። እርሱ «አንድ ሺህኛው ቦታ» ሲልና ሌላው ፕሮሰስ «አንድ ሺህኛው ቦታ» ሲል የሚያመለክቱት በእውነተኛው ሜሞሪ ላይ ሁለት የተለያዩ ቦታዎችን ነው። ይህንንም የሚያስተካክለው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር ተባብሮ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዱ ፕሮሰስ ቢሳሳት፣ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር፣ የጎረቤቱን ዕቃ ሊነካ አይችልም። አንባቢው ይህን አጥር በልቡናው እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የቀረው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ለ. ፕሮሰስ እንዴት ይፈጠራል?

ፕሮሰስን ለመፍጠር ሁለት ዐበይት መንገዶች አሉ። አንደኛው ነባሩን ፕሮሰስ መገልበጥ ነው፤ ሁለተኛው ከባዶ አዲስ መሥራት ነው።

መገልበጡ የሚከናወነው ከላይ በጠቀስነው በፎርክ ነው። ቃሉ መንገድ ለሁለት ሲከፈል ያለውን መንታ ያመለክታል። የአንድን ሥራ መንገድ እንዲህ ለሁለት የመክፈልን ሐሳብ ሜልቪን ኮንዌይ የተባለው አሜሪካዊ በ1963 በታተመ ጽሑፍ አብራርቶታል። ቀጥሎም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ጂኒ በተባለው ፕሮጀክት ውስጥ በተሠራው ሲስተም ላይ ዋለ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ኬን ቶምሰን ከ1969 ጀምሮ ከዴኒስ ሪቺ ጋር በቤል ላቦራቶሪዎች ዩኒክስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሠራ ሐሳቡን ወደዚያ አመጣው።

ሪቺ ስለዚያ ዘመን እንደ ጻፈው፣ በመጀመሪያው ዩኒክስ ላይ የነበሩት ፕሮሰሶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ የመጻፊያ ጣቢያ አንድ አንድ ማለት ነው። ፎርክ ሲጨመር ግን ፕሮሰስ እንደ ልብ የሚባዛ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው በፒዲፒ 7 ኮምፒዩተር የአሰምብሊ ቋንቋ 27 መስመር ብቻ ነበር። ምክንያቱም ሲስተሙ ቀድሞውንም ፕሮሰስን ከሜሞሪ ወደ ዲስክ የማውጣት ችሎታ ስለ ነበረው፣ አዲሱን ለማግኘት ነባሩን ወደ ዲስክ ገልብጦ ለግልባጩ አዲስ መዝገብ መክፈት በቂ ሆኖ ተገኘ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አንድ ፕሮሰስ ፎርክ ብሎ ሲጠራ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የእርሱን ግልባጭ ይሠራል። ነባሩ ወላጅ፣ ግልባጩም ልጅ ይባላሉ። ልጁ የወላጁን ሜሞሪ ይዘት፣ የተከፈቱ ፋይሎቹንና የደረሰበትን ቦታ ሳይቀር ይወርሳል። ታዲያ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማን ማን እንደ ሆነ በምን ያውቃሉ? ፎርክ ሲመለስ ለወላጁ የልጁን መለያ ቁጥር፣ ለልጁ ግን 0 ይሰጠዋል፤ መፍጠር ካልተቻለም ለጠሪው -1 ይመልስለታል። በዚህች በአንዲት ቁጥር ልዩነት መንገዳቸው ይለያያል።

ብዙ ጊዜ ግን የምንፈልገው ሌላ ፕሮግራም ማስጀመር እንጂ ራሱን መድገም አይደለም። ስለዚህ ልጁ «ኤግዜክ» የሚባለውን ትእዛዝ ይጠራል፤ ይህም የወረሰውን አሽቀንጥሮ በምትኩ አዲሱን ፕሮግራም በራሱ ሜሞሪ ውስጥ ይተክላል። ወላጁ በበኩሉ «ዌይት» በሚባለው ትእዛዝ የልጁን መጨረሻ ይጠብቃል። የተጠቃሚውን ትእዛዝ የሚቀበለው ሼል የተባለው ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

አጥሩ እውነተኛ መሆኑን የዩኒክስ ፈጣሪዎች ራሳቸው ባልጠበቁት መንገድ ተረድተውታል። ፎርክ ተጨምሮ ደስ ባላቸው ሰሞን ማኅደር የሚለውጠው ትእዛዝ መሥራቱን አቆመ። ቢመረምሩት ትእዛዙ በልጁ ፕሮሰስ ውስጥ የሚፈጸም ሆኖ ተገኘ፤ ልጁ የራሱን ማኅደር ለውጦ ይሞታል፣ ወላጁ ግን በነበረበት ይቀራል። ልጅ ወንዝ ተሻግሮ ስለ ሄደ ወላጁ ተሻገረ አይባልምና። ስለዚህ ትእዛዙን ሼሉ ራሱ እንዲፈጽመው አደረጉ፤ እስከ ዛሬም የሚደረገው እንዲሁ ነው።

ምናልባት አንባቢው «ልጁ ወዲያው ለሚጥለው ነገር ያን ሁሉ ሜሞሪ መገልበጥ ከንቱ ድካም አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሜሞሪ ገጽ በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች አንዱ ገጽ 4096 ባይት ነው። አንድ ጊጋባይት የያዘ ፕሮሰስ እንግዲህ 262,144 ገጽ አለው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከመገልበጥ ይልቅ የዛሬዎቹ ሲስተሞች ወላጅና ልጅ በአንዶቹ ገጾች እንዲጠቀሙ ያደርጉና ገጾቹን «ለንባብ ብቻ» ብለው ምልክት ያደርጉባቸዋል። ከሁለቱ አንዱ በአንድ ገጽ ላይ ለመጻፍ ሲነሣ ያን ጊዜ ያ ገጽ ብቻ ይገለበጥለታል። ሁለት ተማሪዎች አንዱን መጽሐፍ እየተዋሱ ቢያነቡ፣ በኅዳጉ ላይ ማስታወሻ መጻፍ የፈለገው ግን ያንኑ ቅጠል ብቻ ገልብጦ ቢወስድ እንደ ማለት ነው። ሆኖም ገጾቹ የሚገኙበት ማውጫ መገልበጡ ስለማይቀር ትልቅ ፕሮሰስን ፎርክ ማድረግ ፈጽሞ ያለ ዋጋ አይደለም።

ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ካነሣን ሁለት ነገር እንጨምር። ልጁ ሥራውን ጨርሶ ሳለ ወላጁ መጨረሻውን ካልጠየቀ የልጁ ሜሞሪ ይለቀቃል፤ መለያ ቁጥሩና የመጨረሻ ውጤቱ ግን በመዝገብ ይቆያሉ። ይህ ዓይነቱ ፕሮሰስ ዞምቢ ይባላል፤ ሞቶ ሳይቀበር የቀረ ማለት ነው። በተቃራኒው ወላጁ ቀድሞ ቢሞት ልጁ ያለ አሳዳጊ አይቀርም፤ በተለመደው አሠራር ቁጥሩ 1 የሆነው ፕሮሰስ በጉዲፈቻ ይወስደዋል።

ሁለተኛው መንገድ ከባዶ መሥራት ነው። በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ይህን መንገድ ይከተላል። አዲስ ፕሮሰስ ሲጠየቅ የፕሮግራሙ ፋይል ይከፈታል፣ ባዶ የሜሞሪ ስፍራ ይዘጋጃል፣ የመጀመሪያው ክር ይፈጠራል፣ ከዚያም ሥራው ይጀመራል። ጠሪው አዲሱ ፕሮሰስ ምን እንደሚወርስና ምን እንደማይወርስ አስቀድሞ መናገር አለበት። ከዚህም የተነሣ ፎርክ አንድም መረጃ ሳይሰጠው ሲጠራ፣ የዊንዶውሱ ትእዛዝ 10 መረጃዎች ይቀበላል።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ፎርክን ማቆሚያ በሌለው ዙር ውስጥ ስናስገባ በመጀመሪያው ዙር አንዱ ሁለት ሆነ፤ በሁለተኛው ሁለቱ አራት ሆኑ። ልጆቹም ያንኑ ዙር ስለ ወረሱ እያንዳንዳቸው መውለዳቸውን ቀጠሉ። ሁሉም እኩል ቢራመዱ ከ10 ዙር በኋላ 1,024፣ ከ20 ዙር በኋላ 1,048,576 ይሆናሉ። አጥሩ አልፈረሰም፤ የማንም ፕሮሰስ ሜሞሪ አልተነካም። ያለቀው ከአጥሩ ውጭ ያለው የጋራ ሀብት ነው፤ ይኸውም የመዝገቡ ቦታ፣ ሜሞሪውና የፕሮሰሰሩ ተራ ነው። የጓደኞቻችን ፕሮሰሶች ተራ ሲጠብቁ በእኛዎቹ ብዛት ተዋጡ።

ሐ. ክር ምንድን ነው?

አንዳንድ ጊዜ አጥሩ ራሱ ሸክም ይሆናል። አንድ የጽሕፈት ፕሮግራም በአንድ በኩል የተጠቃሚውን ፊደል እየተቀበለ፣ በሌላ በኩል የቃላትን አጻጻፍ ሊያርም፣ በሦስተኛ በኩል ጽሑፉን በዲስክ ላይ ሊያስቀምጥ ይፈልጋል። ሦስቱም የሚነኩት ያንኑ ጽሑፍ ነው። ሦስት ፕሮሰሶች ቢሆኑ ጽሑፉን በአጥር ላይ ሲቀባበሉ ሊውሉ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ክር ተዘጋጀ። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያሉ ክሮች ሜሞሪውንና የተከፈቱትን ፋይሎች በጋራ ይጠቀማሉ። ለየራሳቸው የሚይዙት የደረሱበትን ቦታ፣ በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚሠሩባቸውን ቁጥሮችና ስታክ የሚባለውን ጊዜያዊ መዝገብ ነው። ፕሮሰሶች በየግቢያቸው እንደሚኖሩ ጎረቤታሞች ሲሆኑ፣ ክሮች በአንድ ማሳ ላይ ለደቦ እንደ ወጡ ገበሬዎች ናቸው።

ክርን ለመፍጠር አዲስ የሜሞሪ ስፍራ ማዘጋጀት ስለማያስፈልግ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰስን ከመፍጠር የቀለለ ነው። ለዩኒክስ ዓይነት ሲስተሞች የሚያገለግለው የክር ደንብ በ1995 ተወስኗል። በ1991 በሊኑስ ቶርቫልድስ የተጀመረው ሊኑክስ ደግሞ ነገሩን በአንድነት አይቶታል። በሊኑክስ «ክሎን» የሚባል አንድ ትእዛዝ አለ፤ ጠሪው ሜሞሪው የጋራ ይሁን ወይስ ይገልበጥ፣ ፋይሎቹ የጋራ ይሁኑ ወይስ ይለዩ እያለ ይዘረዝራል። ሁሉ የጋራ ሲሆን የሚወለደው ክር ነው፤ ሁሉ ሲለይ የሚወለደው ፕሮሰስ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የባሕርይ ሳይሆን የመጋራት ልክ ነው ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን መጋራት የራሱ ዕዳ አለው። ይህን ለማየት ቀላል ሙከራ አደረግን። በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሁለት ክሮች ፈጥረን እያንዳንዳቸው በአንድ የጋራ ቁጥር ላይ 1,000,000 ጊዜ አንድ አንድ እንዲጨምሩ አዘዝን። ድምሩ 2,000,000 መሆን ነበረበት። በደጋገምነው ቁጥር ግን ከዚያ ያነሰ፣ ያውም በየጊዜው የተለያየ ሆኖ መጣ።

ምክንያቱ የሚከተለው ነው። አንድ መጨመር ለእኛ አንድ ሥራ ቢመስልም ለፕሮሰሰሩ ሦስት ነው፤ ማንበብ፣ መደመርና መልሶ መጻፍ። አንድ ማኅበር ሁለት ገንዘብ ያዦች ቢኖሩትና መዝገቡ ግን አንድ ቢሆን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «500 ብር» የሚለውን ያነባሉ እንበል። አንዱ 20 ብር ተቀብሎ 520 ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው 30 ብር ተቀብሎ በዚያው ላይ 530 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም በትክክል ደምረዋል፤ ሁለቱም አልሰረቁም፤ ነገር ግን ከመዝገቡ 20 ብር ጠፋ። መድኃኒቱ መቆለፊያ ነው፤ አንዱ ቁልፉን ይዞ ሳለ ሌላው መዝገቡን እንዳይነካ ማድረግ ማለት ነው። እኛም መቆለፊያ ስንጨምር ድምሩ ሁልጊዜ 2,000,000 ሆነ፤ ሥራው ግን በግልጥ ዘገየ።

ይህ ስሕተት የክፍል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ አሳዛኝ ታሪክ እንጥቀስ። ቴራክ 25 የተባለው የካንሰር ሕሙማንን በጨረር የሚያክም መሣሪያ ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ በታወቁ ስድስት አደጋዎች ከመጠን ያለፈ ጨረር ለሕሙማን ሰጥቷል። በ1986 በቴክሳስ በታይለር ከተማ በዚህ የተጎዱ ሁለት ሕሙማን ሞተዋል። በመሣሪያው ፕሮግራም ውስጥ አያሌ ሥራዎች በአንድ ሜሞሪ በጋራ ይጠቀሙ ነበር፤ መቆለፊያው ግን በሚገባ አልተበጀም ነበር። በታይለር የሆነው፣ ባለሙያዋ የጻፈችውን በፍጥነት ስታርም፣ ማግኔቶቹ እስኪስተካከሉ በሚወስደው 8 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ እርማቱ ለአንዱ ሥራ ሲደርስ ለሌላው ሳይደርስ መቅረቱ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው መሣሪያ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያግድ የብረትና የኤሌክትሪክ መከላከያ ነበረው፤ በአዲሱ ግን ያ ቀርቶ እምነቱ በፕሮግራሙ ላይ ተጣለ።

መ. የትኛው ይሻላል?

ከላይ እንደ ተመለከትነው ፕሮሰስ ዋጋው ከፍ ያለው አጥር ስለሚሠራ ነው፤ ክርም የሚረክሰው አጥር ስለሌለው ነው። ስለዚህ «የትኛው ይፈጥናል?» ከማለት በፊት «ከሥራዎቹ አንዱ ቢበላሽ ማን ይጎዳል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ክር የማይገባውን ሜሞሪ ነክቶ ቢወድቅ ብዙውን ጊዜ ፕሮሰሱን በሙሉ ይዞት ይወድቃል። በ2008 የወጣው ክሮም የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ገጾችን በተለያዩ ፕሮሰሶች የከፈለው ስለዚህ ነው፤ ብዙ ሜሞሪ ቢበላም አንዱ ገጽ ሲበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

ሁለቱን ሳያስቡ መቀላቀል ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ብዙ ክሮች ያሉት ፕሮሰስ ፎርክ ቢደረግ በልጁ ውስጥ የሚገኘው ፎርክን የጠራው ክር ብቻ ነው። ከቀሩት ክሮች አንዱ በዚያች ሰዓት መቆለፊያ ይዞ ከነበረ መቆለፊያው እንደ ተቆለፈ ይገለበጣል፤ ቁልፍ ያዡ ግን አልተገለበጠም። ልጁም የማይከፈት በር ፊት ቆሞ ይቀራል። በ2019 አራት ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጽሑፍ ይህንና የመሳሰለውን ዘርዝረው ፎርክ ለዛሬ ፕሮግራሞች የማይስማማ ስለ ሆነ ሊተው ይገባዋል ብለው ተከራክረዋል። እኛ እንደሚመስለን ክሳቸው ምክንያት አለው፤ ነገር ግን የፕሮሰስን ምንነት ለሚማር ሰው ፎርክን ያህል ግልጥ ምሳሌ አላገኘንም።

ማጠቃለያ

ለጓደኛችን ጥያቄ መልሳችን በአጭሩ ይህ ነው፤ ያደረግነው ነገር ሥራን ማባዛት ነበር፤ ያላሰብነው ግን የተባዛው ሥራ ከማን ድርሻ እንደሚበላ ነው። በላቦራቶሪው ኮምፒዩተር ላይ አሁን አንድ ተጠቃሚ ሊፈጥር የሚችለው የፕሮሰስ ብዛት ወሰን ተደርጎለታል። በኃላፊው ፈቃድ ያንኑ ፕሮግራም ዳግመኛ ስናስጀምረው ወሰኑ ላይ ሲደርስ ፎርክ -1 እየመለሰ እኛን ብቻ ከለከለ፤ በአጠገባችን የነበሩት ተማሪዎች ግን ምንም ሳያውቁ ሥራቸውን ቀጠሉ።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ሙከራ ከማድረጋቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን፤ ወሰን መኖሩን ማረጋገጥ፣ ዙሩ የት እንደሚያበቃ በወረቀት መቁጠር፣ በአጠገብ ለተቀመጠውም ሰው «ሥራህን ሴቭ አድርግ» ብሎ መንገር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጉድለት የሚያገኝ አንባቢ ቢኖር ቢያርመን በምስጋና እንቀበላለን።